የዋርካው ትምህርት
ስለ እጅ ሙያና ስለ ትሕትና ለከተማ ሰዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ምክር



የጎንደርን ከተማ የምታውቅ ከሆንህ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለውን የዐፄ ፋሲለደስን መዋኛም ታውቀዋለህ። በየዓመቱ በጥምቀት በዓል ውሃ ይሞላል፤ ሕዝቡም ታቦታቱን አጅቦ ይሰበሰብበታል። እንግዳ ሰው ወደ ግቢው ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው በውሃው መካከል የቆመውን ሕንፃ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኑ ወደ ዙሪያው ቅጥር ይመለሳል፤ በዚያም የትልልቅ ዛፎች ሥሮች ድንጋዩን እንደ ሰው ጣት ጨብጠውት ያያል። ቅጥሩን የሠሩት ግንበኞች ካረፉ ዘመን አልፏል፤ ሥሩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሥራውን አልተወም።

እኔም ብዙ ጊዜ በዚያ ቅጥር አጠገብ ተቀምጬ እንዲህ እያልሁ አስቤአለሁ፤ ግንበኛው ድንጋይን በድንጋይ ላይ አስቀምጦ በኖራ አጣበቀው፤ ዛፉ ግን ያለ ኖራና ያለ መዶሻ ያንኑ ድንጋይ ይዞ ቆመ። ከሁለቱ መምህር ሊባል የሚገባው ማን ነው? ደቀ መዝሙርስ ማን ነው?

በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ልነግርህ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ይኸውም፤ ሰው በሙያው ሁሉ ተማሪ ነው፤ እግዚአብሔር አስቀድሞ በፍጥረት ውስጥ ያኖረውን ብልሃት እያየ ይሠራል። ተማሪ ከሆነም በሚያውቀው ሊታበይ፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውንም ሰው ሊንቅ አይገባውም። ይህን ለመናገር የሚያስገድደኝም አንድ የቆየ ኃጢአት አለብኝ፤ እርሱንም በቦታው እናዘዘዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የምታገኘው የዓመት ቍጥር፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ዕወቅ።

አንደኛ፤ ሰው ከፍጥረት እንዴት እንደ ተማረ

ከጎንደር ተነሥተህ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራራ ብትወጣ፣ አጥንት ከላይ ጥሎ የሚሰብረውን ትልቁን አሞራ በገደሉ አፋፍ ታየዋለህ። ክንፉን ሳያማታ ረጅም ጊዜ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ከገደሉ ሥር ወደ ላይ የሚነሣውን ነፋስ ያውቀዋልና ነፋሱ ይሸከመዋል፤ ሚዛኑ በተዛባ ጊዜም ክንፉንና ጅራቱን ጥቂት ጠምዝዞ ያቃናዋል። እረኛው ልጅ ይህን ዕለት ዕለት ያያል፤ ስለ ለመደው ግን አይደነቅም።

ኦቶ ሊሊየንታል የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ አላለፈም። የሽመላን አበራረር ብዙ ዘመን ሲመረምር ኖሮ በ1889 ስለ ወፎች በረራ መጽሐፍ አወጣ፤ ከዚያም ክንፍ ሠርቶ ከኮረብታ ላይ እየተነሣ ይንሳፈፍ ነበረ። በ1896 ከአየር ወድቆ ሞተ። ከእርሱም በኋላ ዊልበርና ኦርቪል ራይት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ሥራውን አነበቡ፤ ደግሞ ወፎች የክንፋቸውን ጫፍ እየጠመዘዙ ሚዛናቸውን እንደሚጠብቁ አስተዋሉ፤ ክንፉ እንደዚያው የሚጠመዘዝ አውሮፕላንም ሠርተው በ1903 በረሩ። የመጀመሪያው በረራቸው 12 ሰከንድ ብቻ ነበረ። ዛሬ መንገደኛ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ያህል ጎንደር ይደርሳል፤ ይህም አባቶቻችን በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይደክሙበት የነበረው መንገድ ነው። እንዲህ ያለው መንገደኛ የተሸከመው የወፍ ትምህርት እንደ ሆነ ያስባልን?

ደግሞ ወደ ጎርጎራ ወርደህ በጣና ዳር ተቀመጥ፤ ዓሣ የምትይዘውንም ትንሽ ወፍ ተመልከት። ከአየር ወደ ውሃው ስትወረወር ውሃው እምብዛም አይረጭም፤ ምንቃርዋ ረጅምና ሹል ስለ ሆነ ውሃውን ቀስ በቀስ ይከፍተዋል እንጂ አይመታውም። በጃፓን ሀገር ፈጣኑ ባቡር ከዋሻ በሚወጣበት ጊዜ ከፊቱ የሚገፋው አየር እንደ መድፍ ይጮኽ ነበረ፤ በዚያ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችም ዕረፍት አጡ። ኤይጂ ናካትሱ የሚባለው መሐንዲስ ወፎችን መመልከት የሚወድ ሰው ነበረና፣ የባቡሩ አፍንጫ እንደዚያች ወፍ ምንቃር እየሾለ እንዲሄድ ተደረገ። በ1997 ሥራ የጀመረው ያ ባቡር ጩኸቱ ቀነሰ፤ ፍጥነቱም ጨመረ።

በመከር ጊዜ በእርሻ ዳር ያለፈ ሰው ሁሉ በልብሱ ላይ ጭጎጎት ይጣበቅበታል፤ እያጕረመረመም ይለቅመዋል። ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊስ ሰው በ1941 ከውሻው ጋር ሲሄድ ውሎ ይኸው ደረሰበት። እርሱ ግን ለቅሞ በመጣል ፈንታ በማይክሮስኮፕ ተመለከተው፤ በያንዳንዱ እሾህ ጫፍ ላይም እንደ ሜንጦ የተቈለመመ ነገር አገኘ። ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ቬልክሮ የተባለውን ማሰሪያ አወጣ፤ በልጆች ጫማና በቦርሳ ላይ ሲላቀቅ የሚንጫረረው እርሱ ነው። ብዙ ሺህ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የተማረረበት ነገር፣ አንድ ሰው ቢጠይቀው መለሰለት።

ምስጥንም ሰው ሁሉ ይጠላታል፤ የቤቱን ምሰሶ ትበላበታለችና። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ግን ኢስትጌት የተባለ በ1996 የተፈጸመ ትልቅ ሕንፃ አለ፤ ነዳፊው ሚክ ፒርስ የምስጥን ኩይሳ ምሳሌ አድርጎ ሠራው። ሕንፃው ሌሊት ቀዝቃዛውን አየር ይስባል፤ የሞቀውንም አየር በጣራው ላይ ባሉት ማውጫዎች ያስወጣል። ስለዚህ ለማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ኃይል ከሌሎች መሰል ሕንፃዎች እጅግ ያነሰ ሆነ። ኋላ ግን ሌሎች ሊቃውንት ኩይሳውን ይበልጥ በመረመሩት ጊዜ፣ ነገሩ ነዳፊው እንደ ገመተው ብቻ እንዳልሆነ አወቁ፤ ኩይሳው ከጢስ መውጫ ይልቅ የሚተነፍስ ሳንባ ይመስላል አሉ። እንግዲህ ይህን አስተውል፤ ደቀ መዝሙሩ ትምህርቱን እኩሌታውን ብቻ ሰምቶ ይህን ያህል ከተጠቀመ፣ መምህርቱ ገና ያልነገረችን ምን ያህል ይሆን?

ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፍን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን እንደ ላከው ታስታውሳለህ። ጻድቁ ኢዮብም የሚከራከሩትን ወዳጆቹን እንስሶችንና የሰማይ ወፎችን ጠይቁ ብሎአቸዋል። እነዚህ ቃላት ለጨዋታ የተነገሩ አይደሉም። ታናሹን ፍጥረት መምህር አድርጎ መቀበል ራስን ዝቅ ማድረግን ይጠይቃልና፣ ጥበብ የምትጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ዋርካና በዶርዜ ስለ ቆመው ግንብ

ምናልባት አንድ ተማሪ፣ “ይህ ሁሉ በጀርመንና በጃፓን የሆነ ነው፤ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?” ይል ይሆናል። እንግዲያውስ በሀገራችን የሆነውን ስማ።

በ2012 አርቱሮ ቪቶሪ የሚባል ጣሊያናዊ የሕንፃ ነዳፊ በኢትዮጵያ ደጋ ሲዘዋወር፣ ሴቶችና ልጆች ውሃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ ሲሄዱ አየ። ያን ያህል ደክመው የሚያመጡትም ውሃ ብዙ ጊዜ ንጹሕ አልነበረም። ደግሞም በየመንደሩ ዋርካ ሲያይ፣ ሕዝቡ ከጥላው በታች ሲመክርና ሲዳኝ፣ ልጆችም ሲማሩበት ተመለከተ። እነዚህን ሁለቱን በልቡ አገናኘና፣ ውሃን ከአየር የሚሰበስብ፣ እንደ ዛፍም ጥላ የሚሰጥ ረጅም ግንብ አሰበ፤ ስሙንም ዋርካ ውሃ አለው። የመጀመሪያውም በ2015 ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ ቆመ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁመቱ 10 ሜትር ያህል ይሆናል፤ አጥንቱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው፤ በውስጡም መረብ ተንጠልጥሎበታል። ጉም ሲያልፍ ጥቃቅኑ ጠብታ በመረቡ ላይ ይያዛል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ያርፍበታል፤ ዝናብም ሲዘንብ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ተንጠባጥቦ ወደ ታች ይወርድና በማጠራቀሚያ ይገባል። ሞተር የለውም፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም አይሻም። ነዳፊው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ እንዲሰጥ አስቦ ሠራው፤ የመንደሩ ሰዎችም በእጃቸው ሊያቆሙትና ሊያድሱት እንዲችሉ አደረገው።

ለዚህም ሥራ ብዙ ትንንሽ መምህራን ነበሩት። አንደኛዋ ጤዛን በድርዋ የምትይዝ ሸረሪት ናት። ሌላው በአፍሪካ ደቡብ በናሚብ በረሃ የሚኖር ጥንዚዛ ነው። በዚያ ሀገር ዝናብ ከቶ ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ጉም ይነሣል። ጥንዚዛው ጧት በአሸዋው ክምር ጫፍ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ጀርባውን ከፍ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቆማል፤ ጉሙም በጀርባው ላይ ውሃ ሆኖ ወደ አፉ ይወርድለታል። አንባቢ ሆይ፤ ይህ ፍጥረት ራሱን ካላጐነበሰ አይጠጣም።

እኛም በራሳችን ሀገር ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ በጉም ጊዜ ብትሄድ፣ በአስታ ዛፎች ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም የተንጠለጠለውን ሽበት መሳይ ነገር ታያለህ፤ እያንዳንዱም ጭራ በጠብታ ተሞልቶ ይንጠባጠባል። ከዚያ በታች ደግሞ እንስራ የተሸከመች ሴት ወደ ምንጭ ስትወርድ ታገኛታለህ። ጉሙ ከራስዋ በላይ ያልፋል፤ ዛፉ ይጠጣል፤ እርስዋ ግን ገደሉን ትወርዳለች። እኛ የተማርን ሰዎች ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ አለፍን? ስንት ጊዜስ ሁለቱን አገናኝተን አሰብን?

ሦስተኛ፤ የምናዘዘው ኃጢአት

አሁን ስለ ራሴ እናገራለሁ። አባቴ ሸማኔ ነበረ። በጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ከጧት እስከ ማታ መወርወሪያ ሲወረውር ይውል ነበረ፤ እናቴም ትፈትልለት ነበረ። እኔ ግን በሚስዮን ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደልን፣ ቍጥርንና የውጭ ቋንቋን ስማር በአባቴ ሙያ ማፈር ጀመርሁ።

አንድ ቀን አባቴ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ስንቅና ራሱ የሸመነውን አዲስ ጋቢ ይዞልኝ መጣ። በትምህርት ቤቱ ደጅ ከባልንጀሮቼ ጋር ቆሜ ነበረ። ከእነርሱ አንዱ፣ የትልቅ ሰው ልጅ፣ “ይህ ሰውዬ ማን ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፣ “የሰፈራችን ሰው ነው፤ መልእክት አምጥቶ ነው” አልሁት። አባቴ ሰማኝ። ፊቱ ግን አልተለወጠም። ወደ እኔ ቀረበና ጥቅሉን በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ “አባትህ ይህን ልኮልሃል፤ በርትተህ እንድትማርም አደራ ብሎሃል” አለኝ። ከዚያም ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ።

ሐሰቴን በሐሰት ሸፈነልኝ፤ እንዳላፍርም ራሱን መልእክተኛ አደረገ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ። ጋቢው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በዶርዜ ስለ ቆመው ግንብ አነበብሁ፤ “እንዴት ያለ ብልሃት ነው!” ብዬም ለሰው ሁሉ ተናገርሁ። ማታ ግን ዐልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስብ ልቤ ወቀሰኝ። የዶርዜ ሰዎች እነማን ናቸው? በሽመና የታወቁ ናቸው እኮ! በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ “ዶርዜ” የሚለውን ስም ሰዎች ለስድብ ያደረጉት ስለዚሁ ሙያቸው ነው። ቤታቸውን እንኳ ቀርከሃ ፈልጠው እንደ ሸማ ይሠሩታል፤ መልኩም የዝሆን ራስ ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ቈርጠው ዝቅ ያደርጉታል፤ ሲያስፈልግም ቤቱን እንዳለ አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ከፈረንጅ ሀገር የመጣው ሰው የተሰነጠቀ ቀርከሃና መረብ ሲያቆም አደነቅሁት፤ የገዛ አባቴ ድርና ማግ አገናኝቶ ቢያለብሰኝ ግን አፈርሁበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን የምንተርት እኛው ነን፤ ድሩን የሚሠራውን እጅ የምንንቅም እኛው ነን።

ይህም የእኔ ብቻ ኃጢአት አይደለም፤ የከተማችንም ነው። በቋንቋችን ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ እንለዋለን። ቃሉ ጠቢብ ከማለት የወጣ ነው፤ እኛ ግን የክብሩን ስም ስድብ አደረግነው። የሴቶች ቀሚስ ያጌጠበትን ጥለት ጥበብ እንለዋለን፤ የሠራውን ግን በማዕዳችን አናስቀምጠውም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለችው በወለቃ ቤተ እስራኤል ይኖሩ ነበረ፤ ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሀገር ሄዱ። ርስት ተከልክለው ሳሉ በብረትና በሸክላ ሥራ ሀገሩን ያገለግሉ ነበረ። ማረሻውን ከእነርሱ እየገዛን አረስንበት፤ ምጣዱን ከእነርሱ እየገዛን ጋገርንበት፤ እነርሱን ግን ቡዳ ብለን ፈራናቸው። በጣና ዳር ያሉት ወይጦዎችም ደንገል ዐጭደው ታንኳ ይሠራሉ። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር የያዘ ስለ ሆነ ይንሳፈፋል፤ ይህን ከተክሉ ተምረው እያሰሩ በላዩ የሚቀዝፉ ሰዎች፣ መሐንዲስ ተብለው ሊከበሩ ሲገባቸው ተናቁ።

ዐፄ ምኒልክ በ1908፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም.፣ ብረት የሚሠራው፣ የሚሸምነውና ሌላውም ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበረ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት የበለጠ ሆነ። አፍን በአዋጅ መከልከል ይቻል ይሆናል፤ ልብ ግን በንስሓ ካልሆነ አይለወጥም።

ክርስቲያን ነኝ የምትል አንባቢ ሆይ፤ የናዝሬት ሰዎች በጌታችን የተሰናከሉት በምን እንደ ሆነ አስብ። ይህ ጠራቢው አይደለምን ብለው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይበላ ነበረ። በምድረ በዳ የመገናኛው ድንኳን በተሠራ ጊዜም እግዚአብሔር ባስልኤልንና ኤልያብን በስማቸው ጠራ፤ በናስና በዕንጨት፣ በሽመናና በጥልፍ እንዲሠሩ መንፈሱን ሰጣቸው። የእጅ ሙያ የመንፈስ ስጦታ ከሆነ፣ ሙያተኛውን የሚሰድብ ሰው ማንን ነው የሚሰድበው?

አራተኛ፤ ሙያ ለምን እንደሚውል

ነገር ግን ደግሞ ሌላ ነገር ልናገር ይገባኛል፤ ከፍጥረት የተማረ ሁሉ መልካም አደረገ ማለት አይደለምና። የወፍን ክንፍ የሠሩት የራይት ወንድማማቾች ከበረሩ 32 ዓመት ሲሆን፣ በ1935 በዲሴምበር ወር፣ የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች ከስሜን ተራራ ማዶ በተከዜ ወንዝ አጠገብ በነበሩ ወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ሥጋቸው ተቃጠለ፤ ዓይናቸው ታወረ። አሞራው እስከ ዛሬ በዚያ ገደል ላይ ይንሳፈፋል፤ መርዝ ግን በማንም ላይ ጥሎ አያውቅም። ሰው ክንፉን ከወፍ ወሰደ፤ መርዙን ከገዛ ልቡ አወጣው።

ሙሴ በተራራው ላይ የድንኳኑን ምሳሌ ባየ ጊዜ፣ ሁሉን እንዳየው አድርጎ እንዲሠራ ታዘዘ። እኛ ግን ከምሳሌው እኩሌታውን ወስደን እኩሌታውን እንተዋለን። መልኩንና ብልሃቱን እንቀዳለን፤ ዓላማውን አንቀዳም። ዋርካ ጥላውን ሲሰጥ መኰንን ነህ ወይስ ሸማኔ ብሎ አይጠይቅም፤ ፍሬውንም ለሰማይ ወፎች ይሰጣል። ከዋርካው ቅርጹን ብቻ የተማረ ሰው ገና ትምህርቱን አልፈጸመም።

አምስተኛ፤ እንግዲህ ምን እናድርግ?

ተማሪ ሆይ፤ መጽሐፍህን ከዘጋህ በኋላ ዓይንህን ክፈት። በሳምንት አንድ ሰዓት በአንድ ፍጥረት አጠገብ ተቀመጥ፤ ንብ እንጀራዋን እንዴት እንደምትሠራ፣ ጤፍ በነፋስ ተኝቶ እንዴት እንደሚነሣ፣ ምስጥ አፈሩን እንዴት እንደምታጣብቅ ተመልከትና ጻፍ። ከዚያም ወደ ቀጥቃጩና ወደ ሸክላ ሠሪይቱ ቤት ሂድና ጠይቅ። እሳቱ መድረሱን በምን ያውቃሉ? ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ምን ይጨምሩበታል? እነርሱ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ትምህርት አላቸው። አንተ ደግሞ የመቍጠርና የመመዘን ትምህርት አለህ። ሁለቱ ቢገናኙ ሀገር ይጠቀማል፤ ቢለያዩ ግን የእነርሱ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል፤ የአንተም በወረቀት ላይ ይቀራል።

የከተማ ሰው ሆይ፤ ለሸማኔው ዋጋውን ሳታጓድል ክፈል፤ ሰላምታህንም አትንፈገው። በልጆችህ ፊት ሰውን በሙያው አትስደብ፤ ቡዳ ነው ብለህም በጎረቤትህ ላይ አታውራ፤ ይህ የሐሰት ምስክርነት ነውና። ልጅህ የእጅ ሙያ መማር ቢወድ ውርደት ነው ብለህ አትከልክለው።

በእጅህ ሠርተህ የምታድር ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴም ሆይ፤ በሙያህ አትፈር። ለልጅህም አትደብቀው። ነገር ግን የአባቶቼ ነው ብለህ ባለበት አታቁመው፤ ተማሪ ሆኖ መኖር ለአንተም ታዝዟልና፣ ማሻሻል የምትችለውን አሻሽል።

አባት ያለህ ልጅ ሆይ፤ አባትህ ማንም ቢሆን፣ ልብሱ ቢያረጅ፣ እጁም ቢሻክር፣ በሰው ፊት “አባቴ ነው” በል። ይህን ቃል ለመናገር ጊዜ ሳለህ ተናገረው። እኔ ዛሬ በጻፍሁ ጊዜ የሚሰማኝ የለም፤ አንተ ግን ምናልባት የሚሰማህ አለ።

ሁላችንም ደግሞ ለማን እንደምንመሰክር እናስብ። ግንበኛውም፣ ሸማኔውም፣ መሐንዲሱም የሚሠሩት በተሰጣቸው ነው። ድንጋዩን አልፈጠሩትም፤ ክሩንም አልፈጠሩትም፤ ምሳሌውንም አልፈጠሩትም። በሚመጣው ጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ብትሄድ፣ ከሕዝቡ ጥቂት ፈቀቅ ብለህ በቅጥሩ ላይ ያለውን ሥር ተመልከተው። ከዚያም በአጠገብህ የቆመውን ሰው ልብስ ተመልከት፤ ያን የሸመነው ማን እንደ ሆነም በልብህ ጠይቅ። ስሙን ባታውቀው እንኳ ስለ እርሱ እግዚአብሔርን አመስግን።

ጥበብን ሁሉ የሚሰጥ አምላክ የሚያይ ዓይንን፣ ዝቅ የሚል ልብንም ለአንተና ለእኔ ይስጠን። አሜን።